የነካሽውን ተዪው

ብሮንያ፣ እኅቴ፣ ግዳንስክ ከተማ
ሱቅ ገብታ አትወጣም ባዶ እጇን ከቶ፤
ጓንት ብትዳስስ፣ ልኳም ባይስማማ፣
አምፖል ብታነሣ፣ አምፖል ቤቷን ሞልቶ፣
ጣቷ ያረፈበት በወረቀት ተጠቅልሎ
ትራም ይሳፈራል ሂሳቡ ተከፍሎ።

ለምን? አልኳት አንድ ማታ፣
የቁም ሣጥኗ በር ሞልቶ ሲፈነዳ፣
ሃያ ሦስት ጃንጥላ እግሬ ሥር ሲወርድ፤
ከጃንጥላው መሀል የባንክ ደብዳቤ፣ ዕዳ፣
ዘጠኝ ፖስታ፣ አንዱም እንኳ ሳይቀደድ።

ዝም አለች።
ጓንቶቹን ጥንድ ጥንድ አርጋ ደረደረች፤
አንዱ ሲዛነፍባት እንደገና ጀመረች።
ከዚያ፣ ፊቷን ሳታዞር፣
"ካልገዛሁት" አለች፣ "አንተ ትወድቃለህ።"

እኔ ወደቡ ላይ ክሬን ነጂ ነኝ።
አርባ ሜትር ሽቅብ፣ የመስታወት ቤት ውስጥ፣
የባልቲክ ነፋስ እንደ እንቅብ ሲያንገዋልለኝ
ኮንቴይነር ሳነሣ፣ ኮንቴይነር ሳስቀምጥ
እውላለሁ።
አሥራ ስድስት ዓመት ቁልቁል አይቼ አላውቅም፤
ያን ማታ ከሰማሁ ወዲህ ግን አያለሁ።

እንዲህ ይላታል አሉ፣ ያ ሐሳብ ሲመጣ፦
ይህን ማንኪያ ነክተሽ መልሰሽ ከተውሽው፣
ወንድምሽን ዛሬ ከሰማይ ጣልሽው።
ውሸት መሆኑንማ ታውቃለች፤
ከእኔም ከሐኪሟም አብልጣ ታውቃለች፤
ግን ቢሆንስ?
ደመወዟን የበላች፣ እንቅልፏን የበላች፣
ቢሆንስ የምትባል አንዲት ቃል ነበረች።

ለካ ያ ሁሉ ማንኪያ፣ ያ ሁሉ ሳሙና
የእኔ ቤዛ ኖሯል፤
ሃያ ሦስት ጃንጥላ፣ ሃያ ሦስት ጊዜ
ነፍሴን አትርፎኛል።
እኔ ደግሞ ለሰው ሳማት የኖርኩት
"እጇ ወንፊት ነው" እያልኩ፣
"ገንዘብ አያውቃትም" እያልኩ።

ሐኪሟ ያድቪጋ፣ ጉንፋን የማይለቃት፣
መሐረቧን አጥፋ ወደ እኔ ዞረች፤
"በቀን ስንቴ ትደውላለች?"
አሥር ጊዜ። አሥራ ሁለት።
"ምን ትላታለህ?"
ደኅና ነኝ እላታለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?
"እሱም ያው ሸቀጥ ነው፤
ገዝታህ ለአንድ ሰዓት ትለብሰዋለች፣
ሲያልቅባት ሌላ ልትገዛ ትመጣለች።"

የባንክ ካርዷ እኔ ዘንድ ተቀመጠ፣
ከመኪና ቁልፌ ጋር፣ የሥራ ሣጥኔ ውስጥ።
ለቀኗ ሃምሳ ዝሎቲ፣ በወረቀት።
ዕዳው ለሠላሳ ወር ተከፋፍሎ ተሰጠን፤
ያን ሌሊት ተጣላን።
"አሳዳጊዬ ሆንክ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የቤት ሥራዋ ይህ ነበር፦
ሱቅ ግቢ። አንድ ዕቃ ንኪ። መልሺው። ውጪ።
አትደውዪ።
ሐሳቡ ሲጮህ ከእሱ ጋር ቁሚ፤
አትከራከሪው፣ አትክፈዪው፣
እስኪደክመው ተዪው።

ማክሰኞ ነበር፤ ነፋሱ ከፍቶ
ሁለት ክሬን ቆሟል፤ የእኔ ተራ አልደረሰም።
ስልኬ ጠራ።
እሷ ናት። መደወል አልነበረባትም።
"ሰማያዊ ማሰሮ ነካሁ፤ ተውኩት፤
ደኅና ነህ? በለኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።"

አፌ ላይ ነበረች፣ ያቺ ርካሽ ቃል።
ዋጥኳት። እንደ አጥንት ወረደች።
"እንጃ፣ ብሮንያ" አልኳት፣ "እንጃ፤
ማታ እንተያይ ይሆናል።"
ስድብ ሰማሁ። ከዚያ የትራም ደወል።
ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን
ለሰው ክፉ ሆኜ አላውቅም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወረድኩ፣
ማንም ሳይከፍልልኝ፣ በደረጃ በደረጃ፣
የብረቱ ቅዝቃዜ በጓንቴ አልፎ እየገባ።
(ጓንቱን የገዛችልኝ እሷ ናት፤ ያው ነክታው።)

ድናለች አልልም።
ሐሙስ ዕለት ሁለት መቀስ ገዝታ መጣች፤
ዓርብ አንዱን መለሰች።
ማሰሮው ግን እዚያው አለ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፤
ባለፈች ቁጥር በመስኮት ታየዋለች።

ያን ማክሰኞ ማታ ፌርማታው ላይ ደረስኩ፤
ሦስት ትራም አሳልፋ ቆማለች፣
እጇን ኪሷ ከታ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ።
ዝናቡ ያወርደዋል።
ፀጉሯ ውኃ፣ ኮቷ ውኃ፣ ጫማዋ ውኃ፤
ባለ ሃያ ሦስት ጃንጥላዋ እኅቴ
አንዱንም አልያዘችም።